«ግራሚ ዋጋ አጥቷል» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ አሜሪካው የሙዚቃ ሽልማት፣ ስለ ግራሚ፣ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። ሁለቴ ነው ያነበብኩት። በመጀመሪያው በጣም ተናደድኩ። በሁለተኛው ግን ጸሐፊው ካነሳቸው ነገሮች ውስጥ እኔንም ለዓመታት ሲከነክኑኝ የኖሩ እንዳሉ አየሁ። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ሰውየውን ለማሳጣት አይደለም። ግራሚን ከነጉድለቱ የምከታተል ሰው ነኝ፤ የተባለው ሁሉ እንዲሁ ሲታለፍ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ጽሑፉ አምስት ነገር ይላል። ዘርፎቹ ከመብዛታቸው የተነሳ ሽልማቱ ዋጋ አጥቷል። የሚያሸንፈው ሁሌም ብዙ የሸጠው ነው። ጥቁር ሙዚቀኞች ምንጊዜም ይገፋሉ፣ ይህም አይለወጥም። ለአፍሪካ የተከፈተው ዘርፍ እኛን ጥግ ለማስያዝ የታሰበ ነው። በመጨረሻም፣ ነገሩ ኢትዮጵያውያንን አይመለከትም። በየተራ እመጣባቸዋለሁ። ዓመቶቹን በሙሉ የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ከዘርፍ ብዛት ልጀምር። ከሁሉም በላይ ያንገበገበኝ እሱ ነው።

ቁጥሩ ላይ ጸሐፊው አልተሳሳተም። በ1959 የመጀመሪያው ግራሚ ሲሰጥ 28 ዘርፎች ነበሩ። በ2025 ደግሞ 94 ደርሰዋል። እሱ ይህን አይቶ ሽልማቱ ለመጣው ሁሉ ይታደላል ወደሚል ሐሳብ ሄደ። እስቲ ግን አንድ ነገር እንጠይቅ። አንድ የብሉግራስ ባንጆ ተጫዋች፣ አንዲት የኦፔራ ዘፋኝና አንድ የሜታል ባንድ ጎን ለጎን ቢቆሙ ማን ይበልጣል? ይህን የሚመልስ ጆሮ ያለው ሰው አላውቅም። ምረጥ ተብሎ ከተገደደ ግን ስሙን የሚያውቀውን ይመርጣል።

ይህ ደግሞ በእውን ሆኗል። በ1989 ለሃርድ ሮክና ለሜታል አንድ የጋራ ዘርፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ተከፈተ። ሰው ሁሉ ሜታሊካ ይወስደዋል ብሎ ሲጠብቅ ጄትሮ ተል አሸነፈ፤ መሪው ፍሉት የሚነፋ፣ የቆየና የተከበረ፣ ነገር ግን ሜታል ያልሆነ ባንድ። አዳራሹ ውስጥ የተቃውሞ ድምፅ ተሰማ። በዓመቱ ሽልማቱን የሚሰጠው የሙዚቃ ባለሙያዎች ማኅበር፣ አካዳሚው፣ ዘርፉን ለሁለት ከፈለው። በ1990 የሜታሉን ሜታሊካ ወሰደ፣ የሃርድ ሮኩን ሊቪንግ ከለር ወሰደ። አንዱ ዘርፍ ሁለት ስለሆነ ሽልማቱ ረከሰ? እኔ እስከማውቀው በዚያ ዓመት ነው ለባለቤቱ የደረሰው።

ሲቀነስስ? እሱንም አይተናል። በ2011 አካዳሚው 109 የነበሩትን ዘርፎች ወደ 78 አወረዳቸው። ጸሐፊው የሚመኘው ዓይነት እርምጃ ማለት ነው። ከተነኩት ውስጥ በፖፕ፣ በአር ኤንድ ቢና በኮንትሪ የወንድና የሴት ተብለው ይለዩ የነበሩት አሉ፤ እነሱ ተዋሃዱ፣ ታዋቂዎቹም ብዙ አልጎደለባቸውም። ክፉኛ የተመታው ትንሹ ነው። ላቲን ጃዝ ጠፋ። የሃዋይ ሙዚቃ፣ የአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች ሙዚቃ፣ የሉዊዚያናዎቹ ዛይዴኮና ኬጅን ሁሉም ተጠራርገው «የአካባቢ ሥር ያለው ሙዚቃ» በሚል አንድ ዘርፍ ውስጥ ገቡ። ዛይዴኮን ሰምታችሁ ከሆነ የምለው ይገባችኋል። አኮርዲዮኑ ሲዘፍን፣ ደረት ላይ እንደ ሰደርያ የሚለበስ ሸንተረር ያለው ቆርቆሮ በማንኪያ ሲፋቅ፣ መቀመጥ አይቻልም። ይህ ሙዚቃ የራሱን ዘርፍ ለማግኘት ብዙ ዓመት ጠብቆ፣ አግኝቶ፣ ከ2008 እስከ 2011 አራት ጊዜ ብቻ ተሸልሞበት ተዘጋ።

የላቲን ጃዝ ሰዎች ግን ዝም አላሉም። ተቃወሙ፣ ፊርማ አሰባሰቡ፣ ፍርድ ቤትም ሄዱ። አካዳሚው በ2012 ዘርፉን እንደሚመልስ አስታወቀ። አንድ ሙዚቀኛ ለራሱ ስም ሳይሆን ለሙዚቃው ዓይነት ሲል እስከዚህ ከታገለ፣ ዘርፉ ለእሱ ዋጋ እንዳለው ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይቅረብ?

ደግሞ ጸሐፊው ያየው የማታውን ትርኢት ብቻ ይመስለኛል። በማታው ቴሌቪዥን የሚሰጡት አሥር እንኳ አይሞሉም። ከ80 በላይ የሚሆኑት አሸናፊዎች የሚታወቁት ከዚያ በፊት፣ ከሰዓት በኋላ በሚደረገው ሥነ ሥርዓት ላይ ነው። እሱ በኢንተርኔት ላይቭ ይተላለፋል። ሎስ አንጀለስ ላይ እኩለ ቀን ሲያልፍ ይጀምርና በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ አምስት ተኩል ገደማ ይሆናል። እኔ ስልኬን ትራስ ላይ አስደግፌ፣ ኢርፎን ሰክቼ ነው የማየው። ቤት ውስጥ ሁሉም ተኝቷል። ስም ይጠራል። ሰውየው ከኋላ ወንበር ተነስቶ፣ በእግር መሄጃው ላይ ሰው እየረገጠ፣ ኮቱን እየቆለፈ ይሮጣል። መድረክ ላይ ሲደርስ ትንፋሽ አጥሮታል። ድምፅ የቀረጸ ኢንጂነር ነው፤ ወይ የአልበም ሽፋን የሠራ፤ ወይ ለአንድ የድሮ ሙዚቃ ስብስብ ማብራሪያ የጻፈ። ሚስቱን ያመሰግናል፣ የስቱዲዮ ባልደረቦቹን ስም ይጠራል፣ ሰዓትህ አልቋል የሚል ምልክት ይሰጠዋል። ይወርዳል። ሌላው ይቀጥላል። ይህ ለሦስት ሰዓት ያህል ይሄዳል፣ እኔም አይሰለቸኝም። የምወዳቸውን አልበሞች ማን እንደሠራቸው ያወቅኩት እዚያ ነው። በ2023 ለቪዲዮ ጌም ለተጻፈ ሙዚቃ ለመጀመሪያ ጊዜ ዘርፍ ተከፍቶ ስቴፋኒ ኢኮኖሙ ስታሸንፍ፣ ጌም ሲጫወቱ የሚያድሩ ልጆች ሁሉ ለዓመታት ሲሰሙት የኖሩት ሙዚቃ ባለቤት እንዳለው ታወቀ።

አንድ ነገር ግን ለጸሐፊው እሰጠዋለሁ። ጮክ ብሎ ለተነበበ መጽሐፍ ግራሚ መስጠት ለእኔም አይገባኝም። በ2025 ያንን ዘርፍ ያሸነፉት ከሽልማቱ ጥቂት ሳምንታት በፊት ያረፉት የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ነበሩ፣ የልጅ ልጃቸውም ተቀበለላቸው። ሰውየውን አከብራለሁ። ንባብ ግን ሙዚቃ አይደለም። እዚህ ላይ ቢቀነስ አላለቅስም።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ፤ ብዙ የሸጠ ያሸንፋል ወደሚለው።

ግራሚን የሚመርጠው ሕዝብ አይደለም። ድምፅ የሚሰጡት የአካዳሚው አባላት ናቸው፤ ዘፋኞች፣ ተጫዋቾች፣ የዘፈን ደራሲዎች፣ ፕሮዲውሰሮች፣ ኢንጂነሮች። ቁጥራቸው ከ10 ሺህ በላይ ነው። አንድ አባል እንደ የዓመቱ አልበም ያሉትን ስድስቱን አጠቃላይ ዘርፎች መምረጥ ይችላል። ከዚያ ውጭ ቢበዛ አሥር ዘርፍ ነው የሚመርጠው፤ ያውም ከሦስት የሙዚቃ መስኮች ሳይወጣ። የራፕ ሰው ክላሲካል ውስጥ ገብቶ ዝም ብሎ እንዳይመርጥ ነው ነገሩ።

ውጤቱን እንይ። በ2011 ለምርጥ አዲስ አርቲስት ጀስቲን ቢበርና ድሬክ እጩ ነበሩ። በዚያን ጊዜ የቢበርን ስም የማያውቅ ልጅ አልነበረም። ያሸነፈችው ኤስፔራንዛ ስፖልዲንግ ናት፤ ትልቅ ባስ አቅፋ ጃዝ የምትጫወት ወጣት። በ2008 የዓመቱን አልበም የወሰደው ኸርቢ ሃንኮክ ነው፣ ጃዝ ነው፣ ኤሚ ዋይንሃውስና ካንዬ ዌስት እያሉ። በሌላ በኩል ኬቲ ፔሪ 13 ጊዜ ታጭታ አንድ አልወሰደችም። የደቡብ ኮሪያዎቹ ቢቲኤስ በዓለም ላይ እንደነሱ ያለ የደጋፊ ሠራዊት ያለው የለም፣ ደጋግመው ታጩ፣ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ሽያጭ ብቻ ቢሆን ኖሮ እነዚህ ቤታቸው ውስጥ ዋንጫ የሚያስቀምጡበት መደርደሪያ ባልበቃቸው።

ለሱ ክርክር የሚጠቅመውን ደግሞ ራሴ ልጨምርለት፤ ስላላነሳው ገረመኝ። በ1990 ምርጥ አዲስ አርቲስት ሚሊ ቫኒሊ የተባሉት ሁለት የፖፕ ልጆች ነበሩ። በጣም ሸጠዋል። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ አልበሙ ውስጥ የሚሰማው ድምፅ የነሱ እንዳልነበረ ታወቀና ሽልማቱ ተነጠቀ። መራጮቹ በዝና ታውረዋል ለማለት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለም። አዎ፣ ተታለዋል። ግን ከዚያ በኋላ ባሉት 35 ዓመታት ያንን ታሪክ የሚደግም አላየንም።

ሦስተኛው ከባዱ ነው። ጥቁር ሙዚቀኞች ይገፋሉ ይላል። እዚህ ላይ አብዛኛውን እቀበላለሁ። በ1989 ራፕ ለመጀመሪያ ጊዜ ዘርፍ ሲያገኝ ሽልማቱ በቴሌቪዥን እንዳይተላለፍ ተደረገ፤ አሸናፊዎቹ ዲጄ ጃዚ ጄፍና ፍሬሽ ፕሪንስ፣ ማለትም ዊል ስሚዝ፣ አንሄድም ብለው ቀሩ። ልክ ነበሩ። የዓመቱን አልበም የወሰዱትን የራፕ ሥራዎች ለመቁጠር ደግሞ ጣት አያስፈልግም፤ በ1999 የሎረን ሂል፣ እሱም ከአር ኤንድ ቢ ጋር የተቀላቀለ ነው፣ በ2004 የአውትካስት። ራፕ ይህን ያህል ዓመት የወጣቱን ጆሮ ይዞ እያለ ይህ ያሳፍራል።

የእኛው ልጅ ነገርማ አሁንም ያመኛል። በ2020 መጨረሻ ለ2021 የተጠሩትን እጩዎች ዝርዝር ስከፍት መጀመሪያ የፈለግኩት ዘ ዊኬንድን ነበር፤ አቤል ተስፋዬን። ዓመቱን ሙሉ ብላይንዲንግ ላይትስ የተባለው ዘፈኑ ያልተሰማበት ቦታ አልነበረም። ከላይ ወደ ታች አነበብኩ። የለም። ደግሜ አነበብኩ። በአንድም ዘርፍ የለም። ያን ቀን ግራሚን ዳግም አላይም ብዬ ነበር። እሱም ሽልማቱ ተበላሽቷል ብሎ በይፋ ጻፈ፣ ከዚያ ወዲያ ሙዚቃውን እንደማያቀርብ ተናገረ።

ታዲያ ጸሐፊው የሳተው የት ላይ ነው? «አይለወጥም» የሚለው ላይ። በብዙ ዘርፎች የመጨረሻዎቹን እጩዎች ይመርጡ የነበሩት ስማቸው የማይታወቅ ኮሚቴዎች ነበሩ። አባላቱ ድምፅ ይሰጣሉ፣ ከዚያ በር ዘግተው የሚቀመጡ ሰዎች ዝርዝሩን እንደገና ይነካኩታል። የአቤል ጩኸት ከተሰማ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በሚያዝያ 2021፣ ኮሚቴዎቹ ቀሩ። አንድ ከስደተኛ ኢትዮጵያውያን ቤተሰብ የተወለደ፣ አማርኛን ከአያቱ የለመደ ልጅ ያን ሁሉ ዓመት የቆየ አሠራር ካስለቀቁት ሰዎች አንዱ ሆነ። በ2025 የአካዳሚው ኃላፊ ሃርቪ ሜሰን ጁኒየር ራሱ መድረክ ላይ ወጥቶ ትችቱን አንስቶ፣ ያደረጉትን ለውጥ ተናግሮ ጋበዘው። አቤልም ወጥቶ ዘፈነ። ይህን ጸሐፊው በአንድ መስመር እንኳ አልጠቀሰውም፣ ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች እየጻፈ!

ያው የ2025 ምሽት ላይ የሆነውን ሌላ ነገርም ልንገራችሁ። የምርጥ ኮንትሪ አልበም ፖስታን የከፈተችው ቴይለር ስዊፍት ናት። የቢዮንሴን ስም ጠራች። ካሜራው ወደ ቢዮንሴ ዞረ። አፏ ተከፍቶ ቀረ፣ ዓይኗ ፈጠጠ፣ ለትንሽ ጊዜ መነሳት እንኳ አቃታት። ከ30 በላይ ግራሚ ያላት ሴት ናት! ግን ያንን ዘርፍ ከሷ በፊት ያሸነፈ ጥቁር አርቲስት አልነበረም። እዚያው ምሽት የዓመቱን አልበምም ወሰደች፣ አራት ጊዜ ታጭታ ካጣችው በኋላ፣ መታሰቢያነቱንም ለሊንዳ ማርቴል ሰጠች፤ ቀደም ባለው ዘመን በኮንትሪ ሙዚቃ መንገድ ለጠረገችው ጥቁር ድምጻዊት። ኬንድሪክ ላማር በታጨባቸው አምስቱም አሸነፈ፣ የዓመቱ ሪከርድና የዓመቱ ዘፈንም እነዚያ ውስጥ አሉ። ዶይቺ ምርጥ የራፕ አልበምን ስትቀበል እያለቀሰች ነበር፤ ይህን ዘርፍ ያገኘች ሦስተኛዋ ሴት ናት።

ደግሞ ታሪኩን ወደኋላ ብንሄድ ስቲቪ ወንደር በ1974፣ በ1975ና በ1977 የዓመቱን አልበም ወስዷል። በመሃል በ1976 ያሸነፈው ፖል ሳይመን መድረክ ላይ ወጥቶ ስቲቪ ወንደርን አመስግኖታል፣ ስቲቪ በዚያ ዓመት አልበም ስላላወጣ። ግፊያው ነበር፣ ዛሬም አለ። ሁሌም፣ በሁሉም ቦታ፣ አንድ ዓይነት ነው ማለት ግን ለእነዚህ ሰዎች ድካም ዋጋ መንፈግ ነው።

አራተኛው የአፍሪካ ዘርፍ ነው። ምርጥ የአፍሪካ ሙዚቃ ሥራ የሚባለው ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው በ2024 ነው። ጸሐፊው «ጥግ ያዙ ተባልን» ይላል። ስሜቱ ይገባኛል። ከዚያ በፊት የነበርንበትን ግን ያስታውሰው። ከ1992 ጀምሮ «የዓለም ሙዚቃ» የሚባል አንድ ዘርፍ ነበር፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪው ያልለመደው ሁሉ የሚገባበት። በኋላ ስሙ ተቀየረ፣ ነገሩ ብዙም አልተቀየረም። በ2022 በዚያው መስክ ለአንድ ሽልማት የተፎካከሩትን እዩ፦ የናይጄሪያውያኑ የዊዝኪድና የቴምስ ዘፈን ኤሰንስ፣ ፌሚ ኩቲ፣ አንጄሊክ ኪጆ ከበርና ቦይ ጋር፣ ኪጆ እንደገና ከቼሎ ተጫዋቹ ዮ ዮ ማ ጋር፣ እና በኡርዱ የምትዘፍነው ፓኪስታናዊቷ አሩጅ አፍታብ። አሩጅ አሸነፈች። ዘፈኗ በጣም ውብ ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን በምን ሚዛን ነው እርጋታ የተሞላ የኡርዱ ግጥምና የሌጎስ ጭፈራ የሚመዘኑት? ጥግ ማለት ያ ነበር።

አዲሱ ዘርፍ ሲመጣ በመጀመሪያው ዓመት በርና ቦይ፣ ዳቪዶ፣ አሳኬ ከኦላሚዴ ጋር፣ አይራ ስታርና ታይላ ቀረቡ። አራቱ የናይጄሪያ፣ አንዷ የደቡብ አፍሪካ። ሰው ሁሉ ናይጄሪያ ትወስደዋለች ሲል የ22 ዓመቷ ደቡብ አፍሪካዊት ታይላ ዋተር በተባለው ዘፈኗ አሸነፈች። በዓመቱ ቴምስ። ይህ እርስ በርስ የሚሰማማ ሙዚቃ ውድድር ነው፣ አፍሪካውያን ወጣቶች ለሳምንታት የሚከራከሩበት። ዘርፉ ደግሞ ሌላ በር አይዘጋም፤ የአፍሪካ አርቲስት እዚህ ታጭቶ ለዓመቱ ዘፈንም ሊታጭ ይችላል።

ቅሬታ አለኝ። በ2025 አሜሪካዊው ክሪስ ብራውን ከዳቪዶና ከሎጄይ ጋር በሠራው ዘፈን እዚህ ዘርፍ ውስጥ መግባቱ አልተመቸኝም። ደግሞ ዘርፉ ለነጠላ ዘፈን ብቻ ነው፤ ለአንድ አህጉር ሙሉ የአልበም ዘርፍ ያስፈልጋል። ጸሐፊው ይህን ጠይቆ ቢሆን አብሬው ፊርማዬን አኖር ነበር። ይዘጋ ማለት ግን ላቲን ጃዝ ላይ የደረሰውን በገዛ እጃችን በራሳችን ላይ ማድረግ ነው።

አምስተኛው፣ እኛን አይመለከተንም የሚለው፣ በጣም ያሳዘነኝ ነው። አቤል ራሱ አራት ግራሚ አለው። ከሱ በፊት ደግሞ በ2009 አንድ ብዙ ሰው የማያስታውሰው ነገር ሆኖ ነበር። «አርባን ኦልተርኔቲቭ» በሚባለው አንድ ዘርፍ ውስጥ፣ በአንድ ዓመት፣ ሁለት ኢትዮጵያ የተወለዱ ድምጻውያን ታጩ፤ ኬናና ዋይና። ሁለቱም አላሸነፉም። ግን ከጥቂት እጩዎች ውስጥ ሁለቱ የእኛ ነበሩ!

ከሁሉም በላይ ጸሐፊው አዲሱ የአፍሪካ ዘርፍ ሲታወጅ የወጣውን ማብራሪያ ያነበበ አይመስለኝም። አካዳሚው ዘርፉ የሚያቅፋቸውን የሙዚቃ ዓይነቶች ዘርዝሯል። አፍሮቢትስ አለ፣ አማፒያኖ አለ፣ የታንዛኒያው ቦንጎ ፍሌቫ፣ የዚምባብዌው ቺሙሬንጋ፣ የኮንጎው ንዶምቦሎ አሉ። ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ኢትዮ ጃዝ የሚል ተጽፏል። ሙላቱ አስታጥቄ የፈጠረው፣ በአንቺ ሆዬና በትዝታ ቅኝት ላይ ጃዝን ያዋደደው ሙዚቃ፣ በስሙ፣ ከሌላ ጋር ሳይደባለቅ። ያንን ቃል ሳይ ስክሪኑን ፎቶ አንስቼ ለምወዳቸው ሰዎች ሁሉ ልኬአለሁ።

መግባት ይቻላል ወይ ለሚለው፣ መንገዱ የተደበቀ አይደለም። ሥራው በዚያ ዓመት የተወሰነው ጊዜ ውስጥ አሜሪካ ላይ ለገበያ የቀረበ መሆን አለበት። የአካዳሚው አባል ወይም የተመዘገበ የሙዚቃ ድርጅት ያስገባዋል። ከዚያ ሁለት ዙር ድምፅ ነው፤ አንዱ ለእጩነት፣ አንዱ ለአሸናፊነት። ስለዚህ ስለ ግራሚ ለኢትዮጵያውያን የሚጽፍ ሰው አይመለከተንም ከሚል፣ ለሙዚቀኞቻችንና ለአሳታሚዎቻቸው ይህን ቢያስረዳ በስንት ጣዕሙ።

ጸሐፊውን አንድ ነገር ልለምነው። በሚቀጥለው ጊዜ የማታውን ትርኢት ብቻ አይጠብቅ። ታይላም ቴምስም ያሸነፉት ከሰዓት በኋላ ባለው ሥነ ሥርዓት ላይ ነው፣ ቴሌቪዥኑ ከመጀመሩ በፊት። እኔ የታይላ ስም ሲጠራ አልጋዬ ላይ ተነስቼ ተቀመጥኩ። በ22 ዓመቴ ግራሚ አሸነፍኩ እላለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም አለች፣ በራሷ መድረስ እየተገረመች። ቤተሰቡን ላለመቀስቀስ አፌን በእጄ ይዤ ነበር። ኢትዮ ጃዝ በዚያ ዝርዝር ውስጥ እስካለ ድረስ፣ ያቺን ሰዓት ሳልተኛ ነው የምጠብቃት።